በስደት አገር የእግዚአብሔርን መልእክት ማድመጥ

ለጥናት የሚነበቡ ክፍሎች፦ ኤርምያስ ምዕራፍ 28 እና 29፤ 2ኛ ነገሥት 5፥1-14፤ የሐዋርያት ሥራ 16፥6-10።



ከካርቱም ከተማ ወደ ደቡብ፣ በነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳር ወደ ጀበል አውሊያ በሚወስደው መንገድ ላይ ካላክላ የሚባል ሰፊ ሰፈር አለ። ጦርነቱ ከመነሣቱ አስቀድሞ በዚያ ሰፈር ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሱዳናውያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነርሱም የሚበዙት በሰው ቤት የሚሠሩ፣ በመንገድ ዳር ሻይና ቡና እያፈሉ የሚሸጡ፣ በግንባታና በጋራዥ የቀን ሥራ የሚውሉ ወጣቶች ነበሩ። ዓርብ በሱዳን የዕረፍት ቀን ስለ ሆነ ምእመናኑ ብዙ ጊዜ በዚያ ቀን በየቤቱ ተሰብስበው ቃሉን ያነብባሉ፤ ይዘምራሉ፤ ከዚያም የሳምንቱን ወሬ ተለዋውጠው ወደየሥራቸው ይመለሳሉ። እኛም በመካከላቸው በተመላለስንበት ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ደጋግመን የሰማነው ጥያቄ ስለ ሥላሴ ወይም ስለ ጥምቀት አልነበረም፤ «እግዚአብሔር ስለ እኔ ምን ይላል? መልእክቱንስ እንዴት አውቃለሁ?» የሚል ነበር።

ይህ ጥያቄ በሰላም አገር፣ በወላጆች ቤት ሲጠየቅ ቀላል ይመስላል። በካላክላ ግን የሕይወትና የሞት ጥያቄ ነው። አንዱ በሰሜን ምዕራብ በረሃ አቋርጦ በኩፍራ በኩል ወደ ሊቢያ፣ ከዚያም ወደ ባሕሩ ሊሄድ ያስባል፤ ሌላይቱ በተጣበበ ደመወዝ ወንድሞቿን እያስተማረች ለመቆየት፣ ወይም ባዶ እጇን ወደ እናቷ ለመመለስ ታመነታለች። በዚህ መካከል «መልእክት አለኝ» የሚል ሰው ይነሣል። አንዳንድ ጊዜ በጸሎት ቤት፣ ብዙ ጊዜ ግን በስልክ ከሩቅ አገር፣ «በሩ ተከፍቷል፤ ውጣ፤ ባሕሩ ይታዘዝልሃል» ይላል። ያንን ቃል የሰማ ወጣትም ያጠራቀመውን ሁሉ ለደላላ አስረክቦ በጭነት መኪና ላይ ይወጣል። በበረሃው ውኃ አልቆበት የቀረውን፣ በመጋዘን ታግቶ ቤተሰቡ ማስለቀቂያ የተጠየቀበትን፣ በባሕር የሰጠመውን ሁሉ ቈጥሮ የሚነግረን የለም።

በሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. በሊቢያ 30 ያህል ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በእምነታቸው ምክንያት ሲገደሉ የሚያሳይ ሥዕል በዓለም ሁሉ መሰራጨቱን፣ አገራችንም ሦስት ቀን የኀዘን ቀን ማወጇን የማያስታውስ የለም። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ከአዲስ አበባ ከጨርቆስ ሰፈር የወጡ ወጣቶች ነበሩ። ስለ እነዚህ ወንድሞች ስንናገር አንደበታችንን እንጠብቅ፤ በጌታ ስም የሞቱ ናቸውና። እንጀራ ፍለጋ መውጣትም ኃጢአት አይደለም፤ አብርሃም በረሃብ ምክንያት ወደ ግብፅ ወርዷል፤ የያዕቆብ ልጆችም እህል ሊሸምቱ ሄደዋል። የምንቃወመው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም እግዚአብሔር ያልተናገረውን «እግዚአብሔር ተናግሯል» ብሎ የሰውን ነፍስ ለበረሃ አሳልፎ መስጠት ነው።

ይህ በሽታ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ንጉሥ ኢኮንያንን፣ ሹማምቱንና የእጅ ሠራተኞቹን ማርኮ በወሰደ ጊዜ፣ ምርኮኞቹ በባዕድ ምድር ተቀምጠው የሚጠይቁት ጥያቄ የካላክላውን ጥያቄ ይመስል ነበር። እስከ መቼ? ሻንጣችንን እንፍታ ወይስ አንፍታ? በዚያን ጊዜ በኢየሩሳሌም የዓዙር ልጅ ሐናንያ ተነሣ፤ በካህናትና በሕዝብ ሁሉ ፊት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም እንደሚመለስ በእግዚአብሔር ስም ተናገረ፤ በኤርምያስ አንገት ላይ የነበረውንም የእንጨት ቀንበር ወስዶ ሰበረ። ለሕዝቡ ይህ ምን ያህል ደስ የሚያሰኝ ስብከት እንደ ነበረ ማሰብ አያስቸግርም። የኤርምያስንም መልስ ልብ በሉ። ኤርምያስ መጀመሪያ «አሜን» አለ፤ እግዚአብሔር እንዲህ ቢያደርግ እርሱም ይወድ ነበርና። ምርኮ እንዲረዝም የሚመኝ ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን የሰላም ትንቢት የሚታወቀው ነገሩ ሲፈጸም ነው ብሎ መንገዱን ሄደ። በኋላ የእግዚአብሔር ቃል ወደ እርሱ በመጣ ጊዜ ሐናንያን፣ እግዚአብሔር አልላከህም፤ ይህን ሕዝብ ግን በሐሰት እንዲታመን አደረግህ አለው።

ከዚህ በኋላ ነው ኤርምያስ ለምርኮኞቹ ደብዳቤ የላከው። ብዙ ጊዜ ከዚህ ደብዳቤ የምናውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ስለ ተስፋና ስለ ፍጻሜ የሚናገረውን 11ኛውን ቁጥር በግድግዳ ላይ እንሰቅለዋለን፤ ለተመራቂም በካርድ ላይ እንጽፍለታለን። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከእርሱ በፊት ያለውን ቁጥር ማን ያነብበዋል? በዚያ የተጻፈው ተስፋው የሚፈጸመው ሰባው ዓመት ሲሞላ መሆኑን ነው። ደብዳቤው በተነበበ ጊዜ ከሰሙት ሽማግሎች የሚበዙት ኢየሩሳሌምን ዳግመኛ አላዩም። እነርሱስ እስከዚያው ምን ያድርጉ? ደብዳቤው ቤት ሥሩ፣ አትክልት ተክሉ፣ ተጋቡ፣ ልጆች ውለዱ፣ የተማረካችሁባትንም ከተማ ሰላም ፈልጉ፤ ስለ እርስዋም ጸልዩ ይላቸዋል። የእግዚአብሔር መልእክት እንግዲህ ስለ ጎጆ፣ ስለ ጎመን መደብና ስለ ሠርግ የሚናገር ሆኖ ተገኘ! ከሰማይ የሚመጣ መልእክት ሁሉ ስለ ታላቅ ጉዞ መናገር አለበት ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ደብዳቤ ቢቀበል ቅር ይለው ነበር።

ደብዳቤው የመጣበት መንገድም ትምህርት አለው። በሦስተኛው ቁጥር እንደ ተጻፈው፣ ያደረሱት የይሁዳ ንጉሥ ሴዴቅያስ በመንግሥት ጉዳይ ወደ ባቢሎን የላካቸው ኤልዓሣና ገማርያ የተባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። መልአክ አልወረደም፤ ሰማይም አልተከፈተም። የልዑል ቃል ከመንግሥት ወረቀቶች ጋር በመልእክተኛ ከረጢት ተጉዞ በባቢሎን ሽማግሎች እጅ ደረሰ። በባቢሎን ውስጥ ግን አክዓብና ሴዴቅያስ የሚባሉ ሁለት ነቢያት ነበሩ። ስለ እነርሱ ደብዳቤው ሁለት ነገር ይመሰክራል፤ እግዚአብሔር ያላዘዛቸውን በስሙ ተናግረዋል፤ ከባልንጀሮቻቸውም ሚስቶች ጋር አመንዝረዋል። ትንቢታቸውና ኑሯቸው በአንድ ቁጥር ተያይዞ ተጽፏል። ይህን ለጊዜው በልባችን እንያዘው።

እንግዲህ በወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያናችን የምንማረው ምንድር ነው? ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ. በ1537 በስማልካልድ አንቀጾች ውስጥ በብርቱ ከተከራከረባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነበር። በዘመኑ መጽሐፉን ወደ ጎን አድርገው መንፈስ በቀጥታ ይነግረናል የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ሉተር ሲመልስ፣ እግዚአብሔር ከሰው ጋር የሚገናኘው ከውጭ በሚመጣው፣ በሚሰበከውና በሚነበበው ቃሉ፣ በምሥጢራቱም እንደ ሆነ አስረዳ። «ከውጭ» የሚለውን ቃል እናስተውል። ቃሉ ከገዛ ልባችን የሚፈልቅ ቢሆን ኖሮ ፍርሃታችንና ምኞታችን እየለበሱት በወጡ ነበር። ሕልም የሚያየው ልብ ቀን ሲመኝ የዋለው ልብ ነውና፣ ሌት አውሮፓን ያየ ወጣት ቀን ስለ አውሮፓ ሲያስብ እንደ ዋለ መጠርጠር ይገባዋል። ቃሉ ግን ከውጭ ይመጣል፤ በሌላ ሰው አፍ ይነበባል፤ ብዙ ጊዜም እኛ የማንወደውን ይነግረናል። ስለዚህ ልንታመንበት እንችላለን።

«እንግዲያስ ሕልም ከንቱ ነውን? እግዚአብሔር በራእይ አይናገርምን?» የሚል ይኖራል። እኛ እግዚአብሔርን በገመድ ለማሰር አንደፍርም። ለዮሴፍ በሕልም ተናግሯል፤ ለጳውሎስም በጢሮአዳ ሌሊት የመቄዶንያውን ሰው አሳይቶታል። ሐዋርያው ግን በአንደኛይቱ የተሰሎንቄ መልእክት ትንቢትን አለመናቅን ሁሉንም ከመፈተን ጋር አያይዞ አዝዟል፤ አንዱን ትእዛዝ ይዞ ሌላውን መጣል አይቻልም። መፈተን ደግሞ የእምነት ማነስ አይደለም። በካላክላ ያሉ አንዳንድ እኅቶች «ብጠይቅ መንፈስን አሳዝናለሁ» ብለው ይፈሩ ነበር። እውነተኛ ወርቅ በእሳት ሲፈተን አይቈጣም፤ የሚቈጣው ናሱን ወርቅ ነው ብሎ የሚሸጠው ነው።

ስለዚህ «መልእክት አለኝ» የሚል ሰው ሲመጣ የምንጠይቀውን እንወቅ። የተናገረው ነገር በመጽሐፍ ከተገለጠው የእግዚአብሔር ትእዛዝ ጋር ይስማማልን? ባልን ትተሽ ሂጂ፣ ዕዳህን ሳትከፍል ውጣ፣ ለወላጆችህ አትንገር የሚል መልእክት የቱን ያህል በልሳን ቢታጀብ ከሲና ተራራና ከጌታ አፍ የወጣውን አይሽረውም። የተናጋሪውስ ኑሮ እንዴት ነው? አክዓብንና ሴዴቅያስን አስታውሱ። ደግሞም፣ ይህን ጥያቄ ለመጻፍ አናፍርም፣ ከነገሩ ገንዘብ የሚያገኘው ማን ነው? ትንቢቱን የተናገረው ሰው የደላላውን ስልክ ቁጥር አብሮ ከሰጠ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። በመጨረሻም መልእክቱ በጉባኤ፣ በሽማግሎች ፊት ሊነገር ይችላልን? ወይስ በምሥጢር ለአንድ ሰው ብቻ ነው? ከእግዚአብሔር የሆነ ነገር ብርሃን አይፈራም።

እስከ አሁን ስለ ሐሰተኛው መልእክት ብዙ ተናገርን፤ ይሁን እንጂ ዋናው ችግራችን ሐሰቱን መስማታችን ብቻ አይደለም። የሚበልጠው ችግር እውነተኛው መልእክት በየቀኑ በፊታችን ሲቀመጥ አለማድመጣችን ነው። በሕዝቅኤል ምዕራፍ 33 የተጻፉት ሰዎች የእግዚአብሔርን ቃል ለመስማት ይሰበሰቡ ነበር፤ ነቢዩም ዜማው እንዳማረ፣ በገናውም እንደ ተዋጣለት ዘማሪ ሆኖላቸው ነበር። ቃሉን ይሰማሉ፤ አያደርጉትም። እኛም መዝሙር እንወዳለን። በካላክላ ጠባብ ክፍል ውስጥ በአንድ ከበሮና በጭብጨባ የሚዘመረው መዝሙር ልብን ያቀልጣል። ነገር ግን ከመዝሙሩ በኋላ በሰኞ ማለዳ በማዳሟ ማድ ቤት ምን ይሆናል?

በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የንዕማን ሚስት አገልጋይ የነበረችውን ብላቴና አስቡ። ስሟ አልተጻፈም። ወራሪዎች ከእስራኤል ምድር ማርከው ወሰዷት፤ በሶርያ የጦር አለቃ ቤት የሰው ሥራ ትሠራለች፤ እናቷ በሕይወት ትኑር አትኑር የምታውቀው ነገር የለም። ይህች ልጅ ራእይ አላየችም፤ ድምፅም አልሰማችም። በአገሯ ነቢይ እንዳለ ታውቃለች፤ ጌታዋ በለምጽ ሲሠቃይ ታያለች። ሁለቱን አገናኘችና ለእመቤቷ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረች። የአንድ ታላቅ ሰው መዳን፣ የሁለት ነገሥታት ደብዳቤና ድርድር ሁሉ ከዚያች ቃል ተነሣ። የእግዚአብሔር መልእክት ለእርስዋ ምን ነበር? በፊቷ የታመመው ሰው ነበር። እርስዋም የማረካትን ሰው ሕመም አይታ «ይበለው» ማለት ስትችል አላለችም።

ከካላክላ እኅቶቻችን መካከል ይህን ታሪክ ሲሰሙ የሚያለቅሱ ነበሩ፤ ምክንያቱም በሰው ቤት መኖር ምን እንደ ሆነ ያውቁታል። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ደመወዛቸው በወሩ አይሰጣቸውም፤ ፓስፖርታቸው በአሠሪ እጅ ይያዛል፤ በመንገድ ላይ «ከሻ» የሚሉት አፈሳ ሲመጣ ሻያቸውን ከነከሰሉ ጥለው ይሮጣሉ። እንዲህ ያለች እኅት ስለ ሰባተኛው ትእዛዝ ትጠይቃለች፦ «ያልከፈሉኝን በስኳርና በዘይት ባካክስ ስርቆት ነውን?» ይህ ከተራ ቦታ የመጣ ጥያቄ አይደለም፤ የሕሊና ትግል ነው። እኛ እንዲህ መለስን፤ ደመወዝ መከልከል በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 እንደ ተጻፈው ወደ እግዚአብሔር ጆሮ የሚጮኽ ግፍ ነው፤ እኅታችን ገንዘቧን በግልጥ መጠየቅ፣ ምስክር ይዛ መሄድ፣ ቤቱንም መልቀቅ መብቷ ነው። በስውር መውሰድ ግን እጇን ከመበደሉም በላይ ከእርስዋ በኋላ ወደዚያ ቤት የምትገባውን ሌላ ኢትዮጵያዊት ያስጠረጥራታል። ከእነርሱ ይህን ተቀብለው በግልጥ ጠይቀው ያገኙ አሉ፤ ጠይቀውም የተባረሩ አሉ። የተባረሩትን ጉባኤው በየተራ አሳደራቸው። ለዚያ ጉባኤ በዚያ ሳምንት የመጣው የእግዚአብሔር መልእክት ይህ ነበር፤ ፍራሽ የማንጠፍ መልእክት።

የሉተር ትንሹ ካቴኪዝም እ.ኤ.አ. በ1529 የወጣው ለሊቃውንት አይደለም፤ የቤት አባት ለቤተ ሰቡና ለአገልጋዮቹ እንዲያስተምረው ነው። ሦስተኛውን ትእዛዝ ሲተረጉም ስለ ቀን መቁጠር አይናገርም፤ ስብከትንና ቃሉን ሳይንቁ፣ ቅዱስ አድርጎ መያዝን፣ በደስታ መስማትንና መማርን ያስተምራል። ይህ በዓርብ ለማይፈቀድላትና እሑድም ለማታርፈው ሠራተኛ ትልቅ መጽናኛ ነው። ዕረፍት ባታገኝ ቃሉን ልታጣ አይገባትም። አንዳንዶች አንድ ጥቅስ በወረቀት ጽፈው በሽሮ ቆርቆሮ ላይ ይለጥፋሉ፤ ሌሎች ከእንጀራ ጋገራ በፊት አንድ መዝሙረ ዳዊት በቃላቸው ይላሉ። ሳሙኤልም የተጠራው ልዩ ጸሎት ሲጸልይ አልነበረም፤ ታቦቱ ባለበት፣ መብራቱ ሳይጠፋ፣ በሥራው ቦታ ተኝቶ ነበር። ሦስት ጊዜ ተጠርቶም የጠራው ዔሊ መሰለው፤ የእግዚአብሔር ድምፅ የሚያውቀውን ሽማግሌ ድምፅ ይመስል ነበርና። ስለዚህ «ልጄ፣ ገንዘቡ ይቅርብን፤ አንተ ብቻ ደኅና ሁንልን» የሚለውን የእናት የስልክ ቃል ከሩቅ አገር ነቢይ ቃል በታች አናድርገው። አራተኛው ትእዛዝ በዚያ ድምፅ ውስጥ አለ።

በመንገድ ላይ እያለን አንድ ነገር እናንሣ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናውቀው፣ በሰረገላ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብብ የነበረው ጃንደረባ የህንደኬ ንግሥት ባለሥልጣን ነበር። ህንደኬ የተባሉት ንግሥታት መንግሥት ዋና ከተማ መርዌ ነበረች፤ ፍርስራሿና የነገሥታቱ መቃብር ዛሬም ከካርቱም በስተ ሰሜን በሸንዲ አጠገብ ይታያል። እኛ ይህን ሰው የራሳችን አድርገን ስንኮራበት ሱዳናውያንም ከእኛ ጋር ሊኮሩበት መብት አላቸው። ይህ ሰው የሚያነብበውን አያስተውልም ነበር፤ አለማስተዋሉንም አልደበቀም፤ የሚተረጉምለትን ሰው ወደ ሰረገላው አስወጣው። የተከበረ ባለ ገንዘብ ሰው በመንገድ ላይ በእግሩ ከሚሮጥ ሰው ሊማር ፈቀደ። በእኛ መካከል ስንቶቻችን ነን የማናውቀውን «አላውቅም» የምንል?

አሁን ደግሞ ወደዚያችው ካርቱም በሚመለስ ሌላ ታሪክ ላይ እንቁም። ይህ ታሪክ ስለ ተዘጋ በር ነው።

ሂካ የሚባል ልጅ በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1856 ገደማ ተወለደ። ስሙ በኦሮምኛ «ተርጓሚ» ማለት ነው። አባቱ በሕፃንነቱ ሞተ፤ ልጁም በባሪያ ፈንጋዮች ተይዞ ከጌታ ወደ ጌታ እየተሸጠ እስከ ምጽዋ ደረሰ። በዚያ በ1870 ቬርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጣውና ወደ ስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። በ1872 በፋሲካ ዕለት ተጠምቆ ኦኔሲሞስ ተባለ፤ ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፈለት፣ ባሪያ የነበረው፣ ስሙም «ጠቃሚ» ማለት የሆነው ሰው ስም ነው። ወደ ስዊድን ተልኮ ተማረ፤ በ1881 ተመለሰ። በልቡ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ ተወለደበት አገር ሄዶ ወንጌልን ለሕዝቡ መንገር። ሚሲዮኑም ይህንኑ ይመኝ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ መልእክተኞች በ1866 ወደ ምጽዋ የመጡት ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ለመድረስ አስበው ነውና።

በደጋው በኩል ያለው መንገድ ለሚሲዮናውያን ዝግ ስለ ነበረ በሱዳን በኩል ዞሩ። ኦኔሲሞስና ስዊድናዊው አሬንዩስ ከጓደኞቻቸው ጋር ካርቱም ደረሱ፤ ከዚያ ጥቁር ዓባይን ተከትለው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወጥተው በአሶሳ አቅጣጫ ፋማካ ከምትባል ቦታ ደረሱ። ከዚያ ማለፍ አልተቻለም። አሬንዩስ በዚያው ጉዞ ሞተ። የቀሩት ተመልሰው በሚያዝያ ወር 1882 እንደ ገና ካርቱም ሲገቡ ኦኔሲሞስ በወባ ትኵሳት ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚያው ወራት የማህዲው አመፅ፣ ከካላክላ በላይ በነጭ ዓባይ ላይ ካለችው ከአባ ደሴት ተነሥቶ፣ አገሩን እያቀጣጠለ ነበር። የትውልድ አገሩን ተራራ ሊያይ ጥቂት የቀረው ሰው ባልንጀራውን ቀብሮ፣ ታሞ፣ ወደ ምጽዋ ጎን ወደ እምኵሉ ተመለሰ።

ስለዚህ ነገር ዛሬ በእኛ መካከል ቢነገር ሁለት ዓይነት ትርጓሜ ይሰጥ ነበር። አንዱ «ጠላት ከለከለው፤ በኃይል ደግሞ ይሂድ» ይላል። ሌላው «እግዚአብሔር አልጠራውም ነበር፤ ትኵሳቱ ምልክት ነው» ይላል። ኦኔሲሞስ ያደረገው ከሁለቱ የተለየ ነው። የታመመውን አካሉን ሲያሳርፍ መዝሙሮችን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ጀመረ። ወደ አሕዛብ ሁሉ ሂዱ የሚለው ትእዛዝ በማቴዎስ ወንጌል ተጽፎ ሳለ በፋማካ በሩ ስለ ተዘጋ አልተሻረም፤ የተለወጠው መንገዱ ብቻ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ጳውሎስ በእስያ ቃሉን እንዳይናገር በመንፈስ ቅዱስ ተከለከለ፤ ወደ ቢታንያም ሊገባ ሲሞክር አልተፈቀደለትም። ነገር ግን ሐዋርያነቱን አልተወም፤ እስከ ጢሮአዳ ወረደ፤ በዚያም ሌላ በር ተገኘ። የኦኔሲሞስ ሌላ በር ግን ቶሎ አልተገኘም። በ1886 እስከ እንጦጦ ደርሶ እንደ ገና እንዲመለስ ተደረገ። እርሱም ወደ ጽሕፈቱ ተመለሰ። ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ ቃላትንና አባባሎችን በማሰባሰብ እጅግ ረዳችው። አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ በ1899 ወጣ። ኦኔሲሞስ ራሱ ወደ ወለጋ፣ ወደ ነቀምቴ የገባው በ1904 ነው። በካርቱም በትኵሳት ከተኛበት ጊዜ ጀምሮ 22 ዓመት ተቈጠረ! በፋማካ አልፎ ቢሆን ኖሮ ባዶ እጁን በገባ ነበር፤ በ1904 ግን የሕዝቡን ቋንቋ መጽሐፍ ይዞ ገባ።

ይህን ስንል ከውጤቱ ተነሥተን እያንዳንዱን መከራ «ለዚህ ነበር» ብለን ልንፈታ አንደፍርም። አሬንዩስ የሞተው መጽሐፍ እንዲተረጐም ነው ማለት የማይገባ ድፍረት ነው። ኦኔሲሞስም በ1882 የ1904ን ነገር አያውቅም ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው የተጻፈው ትእዛዝና በእጁ ሊሠራው የሚችለው የቅርብ ሥራ ነበር።

ይህ ጥያቄ በሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካላክላ ባሉት ወገኖቻችን ላይ በብርቱ መጣ። ዕለቱ ቅዳሜ፣ የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ለበዓሉ ዶሮ የገዛ ገዝቶ፣ ዳቦ የደፋም ደፍቶ ሳለ ከተማው በጥይትና በመድፍ ተሞላ። የትንሣኤን መዝሙር በአንድነት ሊዘምሩ የነበሩት በየክፍሉ በአልጋ ሥር ተኝተው ዋሉ። መብራትና ውኃ ተቋረጠ፤ የስልክ መስመርም በየጊዜው ይጠፋ ነበር። በስልክ ይመጣ የነበረው ትንቢትም ከስልኩ ጋር ዝም አለ። በዚያ ጨለማ ለሰው የቀረለት በቃሉ የያዘው ብቻ ነው፤ መዝሙር 23ን፣ መዝሙር 46ን፣ የጌታን ጸሎት የሚያውቅ ለማያውቀው አካፈለ። ስለ ቃል ጥናት አስቀድመን አሰልቺ እስክንሆን ስንናገር ያዛጋ የነበረ ወጣት ሁሉ ጥቅሙን ያን ጊዜ አየው።

«ጦርነቱ የእግዚአብሔር መልእክት ነበርን? ሱዳን ስለ ኃጢአቷ ተቀጣችን?» ብለው የጠየቁን አሉ። ጌታ ይህን ጥያቄ በሉቃስ ምዕራፍ 13 መልሶታል። ጲላጦስ ደማቸውን ያፈሰሰው የገሊላ ሰዎች፣ የሰሊሆምም ግንብ የወደቀባቸው 18ቱ ሰዎች ከሌሎች ይልቅ ኃጢአተኞች አልነበሩም። ጌታ የሞቱትን አልመረመረም፤ የሰሙትን ወደ ንስሐ ጠራ። እኛም ከዚህ አንዲት እርምጃ አንለፍ። ደግሞም ከመድፉ በታች ያስጠጓቸው፣ ከጉድጓዳቸው ውኃ የቀዱላቸው፣ እስከ አውቶቡሱ የሸኟቸው ብዙ ሱዳናውያን እስላም ጎረቤቶች እንደ ነበሩ ከመጡት አፍ ሰምተናል። በደጁ የወደቀውን የሚያነሣ ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ በሉቃስ ምዕራፍ 10 አንብበናል፤ ሳምራዊው በዚያም ምዕራፍ የተጠበቀ ሰው አልነበረም።

ብዙዎች በገዳሪፍ በኩል ወደ ገላባት፣ ከዚያም ድልድዩን ተሻግረው ወደ መተማ ገቡ። ካላክላን ጨምሮ የደቡብ ካርቱም ሰፈሮች ለሁለት ዓመት ያህል በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ቆይተው በ2017 ዓ.ም. በመጋቢትና በግንቦት መካከል ሠራዊቱ ካርቱምን መልሶ ያዘ። ከተመለሱት ወገኖቻችን አንዳንዶቹ አሁን በየአጥቢያችን፣ በመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ በዝምታ ተቀምጠዋል። ጎረቤት «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። ጉባኤዎቻችን ይህን ጥያቄ ትተው ሥራ ስለሚገኝበት፣ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ስለሚገቡበት ነገር ቢጠይቁ ምንኛ በተሻለ ነበር። ሽማግሎችም በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን በመዝገብ ቢያሰፍሩት የዘገየ አይሆንም።

በሳምንቱ የጸሎት ስብሰባ የኤርምያስን 29ኛ ምዕራፍ 7ኛውን ቁጥር ስታነብቡ ከካላክላ የመጡት ወገኖች የቀድሞ ጎረቤቶቻቸውን ስም በየተራ ጮክ ብለው ይጥሩ፤ ማዳማቸውን፣ የባለ ሱቁን፣ ቤት ያከራያቸውን፣ ከበደሏቸውም ያሉትን ሳይቀር። ስማቸውን ለመጥራት ያቃታቸው ቢኖሩ ዝም ይበሉ፤ ሌላው ይጸልይላቸው።